ነባሪው ደንብ፤ ከኦዳ ቢሲል ጥላ እስከ ድረ ገጽ ግንባታ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አልፎ አምቦ የሚደርስ፣ ከአምቦም ጉደርን ተሻግሮ ወደ ጌዶ ሽቅብ የሚወጣ መንገደኛ ብዙ ጊዜ ልቡ የሚያርፈው በአምቦ ፍል ውሃና በጉደር ፏፏቴ ላይ ነው፤ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው የአምቦ ከተማ ስሟ በጠርሙስ ላይ ተጽፎ መላ ኢትዮጵያን የዞረ ስለ ሆነ ይህ ሊያስገርም አይገባም። እኔ ግን በዚህ መንገድ በሄድሁ ቁጥር ሐሳቤን የሚስበው ከጌዶ ወዲያ ያለው ምድር ነው። በጌዶ፣ በጊቤና በቢሎ መካከል የሜጫ ኦሮሞ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተሰብስቦ ሕጉን ያወጀበት የኦዳ ቢሲል ስፍራ ይገኛል፤ እንጀራዬ ከኮምፒዩተር ሥራ ጋራ ከተሳሰረ ወዲህም፣ በዚያ የሾላ ዛፍ ጥላ ሥር የተመከረበት ነገር ዛሬ የድረ ገጽ ሠራተኞች ሌት ተቀን ከሚቸገሩበት ነገር ጋራ የአንድ አባት ልጅ መሆኑ እየገባኝ መጥቷል።

ነገሩም ይህ ነው። በየስፍራው የተበተኑ፣ እያንዳንዳቸው በገዛ እጃቸውና በገዛ ሐሳባቸው የሚሠሩ ብዙ ወገኖች ሁሉም የሚጀምሩበት አንድ መነሻ ደንብ ሊኖራቸው ይገባል፤ ነገር ግን ደንቡ እጅግ የጠበቀ ከሆነ ሥራቸውን ያንቃል፣ እጅግ የላላ ከሆነ ደግሞ ስሙ ብቻ ቀርቶ እያንዳንዱ በመሰለው ይሄዳል። በስልካችን ላይ አንድ ነገር ማንም ሳይነካው በነበረበት ሲቆይ «ነባሪ» እንደምንለው ሁሉ፣ እኔም ይህን የጋራ መነሻ ነባሪ ደንብ እለዋለሁ፤ በዚህ ጽሑፍም የማወጋው የዚህን ደንብ ታሪክ ነው።

ሜጫና ቱለማ በኦዳ ነቤ በአንድነት ሲኖሩ ቆይተው በተለያዩ ጊዜ፣ ሜጫዎች ወደ ምዕራብ አቅንተው ኦዳ ቢሲልን መማክርታቸው አደረጉ። ኦዳ ማለት ሾላ ነው፤ ጨፌ የሚባለውም ለምለሙ መስክ ሲሆን፣ በዚያ መስክ ላይ የሚሰበሰበው ጉባኤም በስፍራው ስም ጨፌ ተባለ። በዚያ ጨፌ ሕግ ከደነገጉት ሁሉ ስሙ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የኖረው መኮ ቢሊ ነው፤ የምዕራብ ኦሮሞ ትውፊት ዛሬም ድረስ ሕጉን በእርሱ ስም እየጠራ የመኮ ቢሊ ሴራ ይለዋል። እዚህ ላይ የአማርኛ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እለምናለሁ፤ በአማርኛ ሴራ ማለት በስውር የሚዶለት ክፉ ምክር ሲሆን፣ በኦሮምኛ ግን በአደባባይ፣ በፀሐይ፣ በሕዝብ ፊት የሚታወጅ ሕግ ማለት ነው። ጎረቤታሞች የሆኑት ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ድምፅ ሁለት ተቃራኒ ነገር መጥራታቸውን ሳያውቁ ይህ ሕግ ስለሚታወጅበት ስለ ገዳ ሥርዓት የሚናገሩ ሰዎች ብዙ አስተውያለሁና ይህን ሳልናገር አላልፍም።

የሥርዓቱ ዘመን አቆጣጠር በጽሑፍም የታወቀ ነው። የጋሞው መነኩሴ አባ ባሕርይ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ በግእዝ በጻፉት ድርሳን፣ የኦሮሞ አለቆች በየ8 ዓመቱ እንደሚለዋወጡ እየመሰከሩ ዘመኑን በእነርሱ ሹመት ቆጥረዋል። አምስት ወገኖች ተራ በተራ ሥልጣን ይይዛሉ፤ ስለዚህም ተራው ዞሮ ወደ መጀመሪያው ወገን የሚመለሰው በ40 ዓመት ነው። በየ8 ዓመቱ መሪው አባ ገዳ ቦኩውን፣ ይኸውም የሥልጣን በትሩን ሲያስረክብ ሕጉ በጨፌው ላይ በቃል ይነገራል፣ የጎደለው ይሞላል፣ ያረጀው ይሻራል፣ የጸናውም ዳግመኛ ይታወጃል። ሕጉ በብራና የተጻፈ ሳይሆን በሐዩዎች፣ ይኸውም በሕግ ዐዋቂዎች ልብ የተቀመጠ ስለ ነበረ፣ በአንድ ስፍራና በታወቀ ቀን ጮክ ብሎ መነገሩ ልማድ ብቻ አልነበረም፤ በየአገሩ የሚኖሩት ሰዎች በሩቅ ሆነው የያዙት ቃል ከምንጩ ጋራ የሚስማማ ወይም የማይስማማ መሆኑን የሚመረምሩበት መንገድ ነበረ።

ሕዝቡ በየስፍራው ሲበተን የሜጫ ነገዶች ከኦዳ ቢሲል ራቁ። ቀድሞውንም አፍሬና ሰደቻ ተብለው፣ ይኸውም አራቱና ሦስቱ ተብለው በሁለት ኅብረት የቆሙ ነበሩ፤ ከዚያም እየሰፉ ሲሄዱ ሁሉም በየ8 ዓመቱ ወደ ኦዳ ቢሲል መመላለስ እየከበዳቸው መጣ፤ ከጊዜም በኋላ በሆሮ በኩል ኦዳ ቡሉቅ፣ በጅማ በኩል ኦዳ ሁሌ የየራሳቸው የመማክርት ማዕከል ሆኑ። እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የበለጠ የሚደንቀኝ ይህ ነው፤ ጨፌው ሲበዛ የመኮ ቢሊ ስም አልጠፋም። እያንዳንዱ አዲስ ጨፌ ሕግን ከባዶ አልጀመረም፤ ከአባቶቹ የወረሰውን መነሻ አድርጎ፣ ምድሩና ኑሮው ያስገደደውን ብቻ ጨመረበት፤ የየጎሣውን ጉዳይም የየአካባቢው ሽማግሌ ተመለከተው።

በዚሁ መንገድ ላይ ያሉት አብያተ ክርስቲያናትም በሌላ ሥርዓት ይህንኑ ይመሰክራሉ። ዐፄ ምኒልክ ለቤተ መንግሥት አስጀምረውት ኋላ ለቤተ ክርስቲያን ከሰጡት ከአዲስ ዓለም ማርያም ጀምሮ እስከ ባኮ ድረስ ያለው ደብርና ገጠር ሁሉ ጾሙንና ፋሲካውን የሚይዘው በአንድ ባሕረ ሐሳብ ነው፤ መጥቅዕና አበቅቴ ተቆጥሮ ጾመ ነነዌ የሚውልበት ቀን ይታወቃል፤ ከጥር 17 አይቀድምም፣ ከየካቲት 21 አያልፍም፤ ስሌቱም በመስከረም 1 ቀን በየቤተ ክርስቲያኑ ለምእመናን ይነገራል። ነገር ግን አንዱ ደብር ሚካኤልን በኅዳር 12፣ ሌላው ገብርኤልን በታኅሣሥ 19 ያነግሣል፤ የደብሩ ንግሥ የዓመቱን ቆጠራ አያናጋም፤ የዓመቱም ቆጠራ የደብሩን ንግሥ አይከለክልም። ካህናቱ ይህን ችግር አድርገው ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም፤ መልሱ በእጃቸው ከገባ እጅግ ብዙ ዘመን ሆኖታልና።

አሁን ወደ ሌላው ዓለም እንሻገር፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጻፈው በብዙ ፋይል ነው፤ ይህ ሁሉ ጽሑፍ ተሰብስቦ፣ ተተርጉሞና ተጠቅጥቆ ኮምፒዩተሩ ወደሚያነበው መልክ የሚለወጥበትን ሥራ ግንባታ ይሉታል። ግንባታው ከየት እንደሚጀምር፣ ምን እንደሚተረጉም፣ የተሠራውን ወዴት እንደሚያኖር የሚነግረው ትእዛዝ ደግሞ የግንባታ ቅንብር ይባላል። በ1976 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ስቱዋርት ፌልድማን «ሜክ» የተባለውን መሣሪያ የሠራበት ምክንያት የታወቀ ነው፤ ስቲቭ ጆንሰን የተባለ ባልደረባው ስሕተቱን አስቀድሞ አርሞት ሳለ፣ የታረመው ፋይል እንደገና ስላልተገነባ፣ ጤነኛ የሆነውን ፕሮግራም ሲመረምር አንድ ሙሉ ጠዋት አባክኖ እየተበሳጨ ወደ ፌልድማን ክፍል ገባ። ሜክም ከዚያ ብስጭት ተወለደ። በውስጡም ሠሪው ምንም ሳይጽፍ የሚሠሩ ነባሪ ደንቦች ነበሩት፤ የትእዛዙ መስመር ግን በታብ ምልክት እንዲጀምር ያስገድድ ነበር። ፌልድማን ይህ ለተጠቃሚው አስቸጋሪ መሆኑን ተረድቶ ሊለውጠው ቢያስብም፣ በዚያን ጊዜ ደርዘን ያህል ተጠቃሚ ስላፈራ የእነርሱን ሥራ ላለማበላሸት ተወው፤ ከዚያ ወዲህ ሜክን የሚጠቀም ሁሉ እስካሁን ታብ ሲጫን ይኖራል። ነባሪ ደንብ አንዴ ሰው ከተደገፈበት በኋላ፣ የሚታደስበት ቀን አስቀድሞ ካልተቆረጠለት፣ ለ12 ሰዎች ሲባል የቀረው ጉድለት ለሚሊዮኖች ውርስ እንደሚሆን ከዚህ የጠራ ምስክር አላገኘሁም።

ለርእሳችን ይበልጥ የሚቀርበው ግን የማቬን ታሪክ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ «ጃካርታ ተርባይን» በተባለው ሥራ ውስጥ ብዙ ፕሮጀክቶች ነበሩ፤ እያንዳንዱም «አንት» በተባለው መሣሪያ የሚነበብ የራሱ የግንባታ ፋይል ነበረው፤ ፋይሎቹም ሁሉ ይመሳሰላሉ፣ ሁሉም ግን በጥቂቱ ይለያያሉ። ይህ «በጥቂቱ» የሚባለው ነገር ነው የግንበኛውን ዕድሜ የሚበላው፤ ፈጽሞ የተለያየ ነገር ራሱን ይገልጣል፣ ለጥቂት የተለያየ ግን አንድ መስሎ ይቀመጣል። ስለዚህም ጄሰን ቫን ዚልና ባልደረቦቹ ማቬንን ሠሩ፤ 1ኛ እትሙም በሐምሌ 2004 ወጣ። በማቬን ሥርዓት እያንዳንዱ ፕሮጀክት በይፋም ሆነ በዝምታ ከአንድ የሁሉ አባት ከሆነ ቅንብር ይወርሳል፤ በራሱ ፋይል የሚጽፈው ከአባቱ የሚለይበትን ብቻ ነው። ማቬን የሚለው ቃል በይዲሽ ቋንቋ ዕውቀትን ያከማቸ ሰው ማለት መሆኑን ባወቅሁ ጊዜ፣ ሕጉን በልባቸው ያከማቹት የጨፌው ሐዩዎች ትዝ አሉኝ።

የድረ ገጽ ሙያ ግን ይህን ትምህርት ቶሎ አልወረሰም። በ2010 ኤንፒኤም የተባለው የኮድ ጥቅል ማከፋፈያ፣ በ2012 ደግሞ ዌብፓክ የተባለው የቶቢያስ ኮፐርስ የግንባታ መሣሪያ መጡ፤ የድረ ገጹም ቅንብር ከዓመት ዓመት እየረዘመ ሄደ። ከዚያም በኅዳር 2016 ቶትዎርክስ የተባለው ኩባንያ የሙያውን አዝማሚያ በሚመዝንበት መድብል ላይ «ማይክሮ ፍሮንትኤንድ» የሚለውን ስም አወጣ። ትርጓሜው እንዲህ ነው፤ ለተመልካቹ አንድ ገጽ መስሎ የሚታየው ድረ ገጽ በውስጡ በተለያዩ ቡድኖች ተከፋፍሎ ይሠራል፤ የራስጌውን አንዱ ቡድን፣ የመዝገቡን ሌላው፣ የክፍያውን ሦስተኛው ይሠራዋል፤ እያንዳንዱም ክፍሉን ለብቻው ገንብቶ ለብቻው ያወጣዋል። ይህ ለቡድኖቹ ነጻነት ይሰጣል። ነገር ግን በዚያው ቅጽበት የኦዳ ቢሲል ጥያቄ ይመለሳል፤ ሁሉም ለብቻቸው የሚገነቡ ከሆነ፣ በመጨረሻ በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ እንዴት ይስማማሉ?

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ስሙን ልጠራው በማልሻው አንድ መሥሪያ ቤት አምስት ክፍል ያለው ድረ ገጽ ስንሠራ፣ የመጀመሪያው ክፍል ቅንብር መልካም ሆኖ ስለ ተገኘ የቀሩት አራቱ ቃል በቃል ቀዱት። መቅዳት ለጊዜው ከማንኛውም መንገድ ይፈጥናል፤ ችግሩ የመጣው በዓመቱ ነው። የቆየ ስልክ የያዙ ሰዎች ገጹ አልከፈት ሲላቸው፣ አንደኛው ቡድን ኮዱ ለአሮጌ ብራውዘር እንዲተረጎም ቅንብሩን አረመ፤ ይህንንም ለሌሎቹ ሳይነግር ቀረ፤ ክፋት ኖሮት ሳይሆን የሚነገርበት ስፍራም ቀንም ስላልነበረ ነው። ከዚያ በኋላ በእነዚያው ስልኮች ላይ የገጹ ራስጌ አምሮ ይታያል፣ የክፍያው ቅጽ ግን ባዶ ይሆናል። ምክንያቱን እስክናገኘው ሁለት ቀን ፈጀብን፤ አምስቱን ፋይሎች ጎን ለጎን ባስቀመጥናቸው ጊዜ ከአንድ እናት የተወለዱ፣ ዳሩ ግን እርስ በርስ መተዋወቅ ያቆሙ ወንድማማቾች ሆነው አገኘናቸው።

መድኃኒቱ በሙያው የታወቀ ነው፤ የጋራው ቅንብር ወጥቶ ለብቻው አንድ ጥቅል ይሆናል፣ የእትም ቁጥር ይሰጠዋል፣ አምስቱም ፕሮጀክቶች ያንን ጥቅል አስመጥተው በላዩ ላይ የየራሳቸውን ልዩነት ብቻ ይጽፋሉ። እንዲህ ሲባል ቀላል ይመስላል፤ ጭንቁ ያለው ግን የልጅ ቃል በአባት ቃል ላይ ሲመጣ ምን ይሁን በሚለው ላይ ነው። አንድ ቃል በአንድ ቃል ላይ ቢመጣ ይተካዋል፤ በዚህ ክርክር የለም። ዝርዝር በዝርዝር ላይ ሲመጣ ግን ይተካው ወይስ ይቀጥልበት? ዌብፓክ መርጅ የተባለው መሣሪያ በነባሪው የልጁን ዝርዝር በአባቱ ዝርዝር ላይ ይቀጥለዋል፤ ታይፕስክሪፕት የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ደግሞ የሚገነቡትን ፋይሎች ዝርዝር ልጁ በጻፈ ጊዜ የአባቱን ፈጽሞ ይሽረዋል። ሁለቱም ምክንያት አላቸው፤ ልዩነታቸውን ሳያውቅ የሚጽፍ ሠራተኛ ግን አንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ይሠራበታል፣ ወይም ሊኖር የሚገባው ጠፍቶ ያገኘዋል። በሕግ ዘንድ «የአገሩ ልማድ በሕጉ ላይ ይጨመራል ወይስ ሕጉን ይሽራል» እየተባለ ሲከራከሩበት የኖረው ሐተታ በሁለት መስመር ኮድ ውስጥ ተቀምጦ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው ጭንቅ የእትሙ ነው። ማዕከሉ ደንቡን ባሻሻለ ጊዜ ሁሉም በዚያው ቀን ይቀበሉ ከተባለ፣ በማዕከሉ የተፈጸመ አንድ ስሕተት አምስቱንም በአንድ ሌሊት ይጥላል፤ እያንዳንዱ በፈቀደው ቀን ይቀበል ከተባለም፣ ሁለቱ ከአዲሱ ጋራ ሲሄዱ ሦስቱ በአሮጌው ይቀራሉ። የጋራ ምንጭ ሲነጥፍ ምን እንደሚሆን በመጋቢት 2016 ታይቷል፤ 11 መስመር ብቻ የነበረችው «ሌፍትፓድ» የተባለች ጥቅል በባለቤቷ ከማከፋፈያው በተነሣች ጊዜ፣ ስሟን ሰምተው የማያውቁ እጅግ ብዙ ፕሮጀክቶች መገንባት ተሳናቸው። ከ2020 ጥቅምት ወዲህ በዌብፓክ 5ኛ እትም የመጣው፣ በዛክ ጃክሰን የተነደፈው «ሞጁል ፌደሬሽን» ደግሞ ለብቻ የተገነቡ ክፍሎች በገጹ ላይ ሲገናኙ የጋራውን መሣሪያ አንዱን ቅጂ ብቻ ተካፍለው እንዲጠቀሙ ይረዳል፤ ነገር ግን እርሱም ቢሆን የሚሠራው ቡድኖቹ በየቅንብራቸው ስለሚካፈሉት ነገር አስቀድመው ከተስማሙ ነው።

አምቦ በዚህ ሙያ እንግዳ አይደለችም። በ1947 በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተመሠረተው ያሁኑ አምቦ ዩኒቨርሲቲ በሃጫሉ ሁንዴሳ ካምፓሱ ቴክኖሎጂ ያስተምራል፤ በጉደርና በወሊሶም ካምፓሶች አሉት። እነዚህ ወጣቶች ስለ ጋራ ቅንብር ሲማሩ የባዕድ አገር ምሳሌ ብቻ ባይቀርብላቸው፣ ከአምቦ ወደ ምዕራብ በአውቶቡስ የግማሽ ቀን ጉዞ እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ያለው ታሪክ ቢነገራቸው ከልብ እመኛለሁ፤ ምክንያቱም ከማዕከሉ በሕጋዊ መንገድ መለየት እንዴት እንደሚቻል ከዚያ የበለጠ የሚያስረዳ አላየሁም።

ይህንንም የምለው ስለ አንድ የታወቀ መሣሪያ መጨረሻ እያሰብሁ ነው። በሐምሌ 2016 የፌስቡክ መሐንዲሶች «ክሪኤት ሪአክት አፕ» የተባለውን አወጡ። መሣሪያው የዌብፓክን፣ የኮድ ተርጓሚውን የባቤልንና የሌሎቹን መሣሪያዎች ቅንብር ሁሉ በአንድ ጥቅል ውስጥ ሸሽጎ ያዘ፤ ጀማሪው ምንም ሳይጽፍ ይገነባል፤ ጥቅሉ ሲታደስ ቅንብሩም አብሮ ይታደስለታል። ብዙ ሰው ከጭንቀት ስላሳረፈ ምስጋና ይገባዋል፤ እኔም በእርሱ ጀምሬያለሁ። ነገር ግን ከነባሪው በጥቂቱ እንኳ ለመለየት ለፈለገ ሰው መሣሪያው ራሱ የሚያቀርብለት በር «ኢጄክት» የሚባለው አንድ ትእዛዝ ብቻ ነበር፤ ያን ትእዛዝ የሰጠ የተሸሸገው ቅንብር ሁሉ ተገልብጦ በእጁ ይገባል፣ ወደ ኋላም መመለስ የለም፤ ከዚያ ወዲያ የማዕከሉ ማሻሻያ አይደርሰውም። እንግዲህ ሰው ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ሆነበት፤ በሁሉ መታዘዝ፣ ወይም በሁሉ መለየት። ኦዳ ቡሉቅን የተከሉ ሰዎች ከዚህ የተሻለ ሦስተኛ መንገድ ነበራቸው።

በዚያው በ2016 መጨረሻ የዩኔስኮ ጉባኤ በአዲስ አበባ ተቀምጦ የገዳን ሥርዓት በዓለም የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ አሰፈረው። ክሪኤት ሪአክት አፕ ደግሞ በየካቲት 2025 ለአዲስ ሥራ እንዳይውል በይፋ ተሰናበተ፤ ከታወጀበት እስከ ተሰናበተበት የኖረው ዕድሜ 8 ዓመት ከመንፈቅ፣ ይኸውም የአንድ አባ ገዳ ዘመን ያህል ነው። የስንብቱ ቃል እንደሚያስረዳው በዚያን ጊዜ ሥራውን በትጋት የሚከታተል ጠባቂ አልነበረውም፤ ተጠቃሚዎቹም እንደ ቪትና እንደ ፓርስል ያለ የግንባታ መሣሪያ ወይም አንድ ማዕቀፍ ራሳቸው መርጠው እንዲሄዱ ተመከሩ። በጨፌው ግን ቦኩውን የጨበጠ አባ ገዳ፣ በስንተኛው ዓመት፣ ለየትኛው ወገን እንደሚያስረክበው ገና በተቀበለበት ቀን ያውቅ ነበር።